የደረቀ የመሰለኝ በርበሬ

ሰላም ዝግጅት ክፍል። ስለ ጓሮ በርበሬ አደራረቅ የጻፋችሁትን አነበብኩ። ጥሩ ነው፣ ግን ዋናውን ነገር ዘላችሁታል። ወፍራም በርበሬ ላዩ ተጨማዶ ደረቀ ሲያሰኝ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። አምና ሙሉ ሙሉውን በክር ሰክቼ ሰቀልኩት፤ በኋላ አንዱን ስሰነጥቀው ዘሩ ዙሪያውን ግራጫ ጸጉር የመሰለ ሻጋታ ለብሷል! ሁሉንም ጣልኩት፤ የሻጋታ መርዝ ታጥቦም ተቆልቶም በደንብ አይለቅማ። አሁን ለሁለት ሰንጥቄ፣ ምድጃውን 60 ዲግሪ አካባቢ አድርጌ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የማደርቀው። ሲታጠፍ ቋ ብሎ ካልተሰበረ ገና ነው። ደግሞ በጣም የሚያቃጥለው ዘሩ ነው ያላችሁት ልክ አይደለም፤ ዘሩ የተጣበቀበት ነጩ ክፍል ነው። ጓንት አድርጉ። እጃችሁን ካቃጠላችሁ መጀመሪያ ዘይት ቀቡት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ፤ ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም። እኔ ረስቼ ዓይኔን ያሸሁ ቀን ያየሁትን አሳር እኔ ነኝ የማውቀው።