የከተማው ጫጫታና የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የፈንታሌው መንቀጥቀጥ በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ የተተከለ መመዝገቢያ ግን የአውቶብሱንና የግንባታ ማሽኑንም ንዝረት፣ በአብዛኛው ከ1 እስከ 20 ኸርዝ (በሴኮንድ ከ1 እስከ 20 ጊዜ የሚርገበገበውን)፣ አብሮ ይቀዳል። አንዱ ድግግሞሽ ሌላውን እንዳይውጠው ስፔክትረሙ፣ ማለትም በየድግግሞሹ ያለው የንዝረት መጠን፣ ይመጣጠናል፦ የመዝገቡ አማካይና ዝንባሌ ይቀነሳል፣ የመዝገቡ ጫፎች ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ይወርዳሉ፣ መዝገቡን ወደ ድግግሞሾቹ ከሚበትነው የፉሪየር ለውጥ በኋላ የእያንዳንዱ ድግግሞሽ መጠን በአጎራባች ድግግሞሾች መጠን አማካይ ይካፈላል። ፌዙ (የእያንዳንዱ ድግግሞሽ ሞገድ በጊዜ ላይ ያለው አቀማመጥ) አይነካም፤ ሞገዱ የደረሰበት ሰዓት ያለው እዚያ ነውና።

ስሕተት የሚበዛው ማካፈሉ ላይ ነው። አካፋዩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የመሣሪያው የራሱ ጫጫታ ይገንናል፤ ስለዚህ ለአካፋዩ ዝቅተኛ ወለል ማበጀት፣ ከሚፈለገው የድግግሞሽ ክልል ውጭ ያለውንም መቁረጥ ግድ ነው። አማካዩ የሚወሰድበት መስኮት ከጠበበ ደግሞ ምልክቱም አብሮ ይደፈጠጣል። በተመጣጠነው መዝገብ ማግኒቲውድ (የመንቀጥቀጡን ትልቅነት) ማስላት ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ የመጠኑ መረጃ ጠፍቷል።

ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ