«አልቋል» ከማለታችሁ በፊት አማርኛውን ከፍታችሁ እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በኮምፒውተር ጽሕፈት ነው የምተዳደረው። አቤቱታ፣ ይግባኝ፣ ውል፣ የመጣውን ሁሉ እጽፋለሁ። ሦስት ኮምፒውተር አለኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ፣ ማለትም የደህንነት ማሻሻያውን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ፤ እኔም የሰው ጉዳይ የታጨቀበት ማሽን ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ችላ ማለት ስለማልወድ ሦስቱንም ወደ 11 አስቀየርኳቸው። ሁለቱ በነበሩበት ላይ አደጉ። ሦስተኛው እንቢ ስላለ ፎርማት ተደረገ፣ ማለትም የነበረው ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነበት። የሠራው ልጅ ጎበዝ ነው፣ እጁም ፈጣን ነው። «አልቋል፣ ፈትሼዋለሁ» ብሎኝ ሄደ። የፈተሸው ግን በእንግሊዝኛ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንድ አባት መጡ። ይግባኛቸውን ከሳምንት በፊት ጽፌላቸው ነበር፣ ሦስት ገጽ። ይግባኙ ላይ የተጻፈ አንድ ቀን አስተካክዬ ፕሪንት ሳደርገው አራት ገጽ ሆኖ ወጣ። አራተኛው ገጽ ላይ የፊርማቸው መስመር ብቻ ቁጭ ብሏል። «ልጄ፣ ይሄ ምን ጨመረበት?» አሉኝ። ምንም አልጨመርኩም። ዎርድ ላይ የፎንቱን (የፊደሉን ቅርጽ) ስም ባየው ያው ኒያላ ይላል። ፊደሉን ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ሌላ ነው። የ«ሐ» እግር ቀጠን ወፈር ማለቱ ቀርቶ ሁሉም መስመር እኩል ወፍሯል፣ ቃላቱም ቦታ ይበላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒያላ ስሙን ያገኘው ከኛው የደጋ አጋዘን ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ሲመጣ ኖሯል። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን በተጨማሪ ክፍልነት ተለይቶ ተቀመጠ። አማርኛ ቋንቋ ካልተጨመረበት በቀር ፎርማት የተደረገ ማሽን ላይ አይገኝም። ሲጠፋ ዊንዶውስ ዝም ብሎ ኤብሪማ የሚባለውን ፎንት ይተካበታል፣ ዎርድ ደግሞ የድሮውን ስም እንደያዘ ይቀጥላል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሳይገባው የሚቀረው። መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ የሚለውን ከፍቶ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን መጫን ብቻ። ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከሞባይሌ ዳታ አገናኝቼ ጫንኩት፣ ዎርድን ዘግቼ ከፈትኩ፣ ሦስት ገጽ! አባታችን ሬጅስትራር ለምሳ ሳይወጣ ደረሱ።

ሌሎቹ ሁለቱም ጣጣ ነበራቸው። አንደኛው ላይ የፎልደሮቹ አይኮን ነጭ ወረቀት ሆነ። ዊንዶውስ የአይኮኖቹን ሥዕል አንድ ጊዜ ያስቀምጥና ሁልጊዜ ከዚያ እያወጣ ነው የሚያሳየን፤ ያ ክምችት ሲበላሽ እንዲህ ይሆናል። ታስክ ማኔጀር ውስጥ ዊንዶውስ ኤክስፕሎረርን ሪስታርት ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልሆነ ክምችቱን ማጥፋት ነው፣ ራሱ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ሰነድ አይነካም፣ አትፍሩ።

ያስቆጣኝ የሁለተኛው ነው። ጽሑፉ ተለጥጦ ደብዝዟል፣ መስኮት ስጎትት ከኋላው ጥላ ይተዋል። አንድ ሱቅ ወስጄ ባሳይ «ሞኒተሩ አርጅቷል፣ አዲስ ግዢ» ተባልኩ። ለቤት ኪራይ የያዝኩትን ብር ልከፍል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ቤት ገብቼ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ከፈትኩ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይላል። ይሄ ማለት የግራፊክስ ካርዱ (ሥዕሉን ወደ ስክሪን የሚልከው ክፍል) ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ የለም፤ ዊንዶውስ ለጊዜው በራሱ ተራ ድራይቨር ነው የሚያሠራው። ትክክለኛውን ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ አውርጄ ጫንኩ። ስክሪኑ ለአፍታ ጨለም አለና ፊደሉ ጥርት ብሎ መጣ። ሞኒተሩ ያው የድሮው ነው።

ስለዚህ ሞኒተር ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩት ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት የሚወጣውን የአምራቹን ምልክት ተመልከቱ። መስመሩ ወይም ነጠብጣቡ እዚያም ላይ ካለ ችግሩ ከኬብሉ፣ ከሞኒተሩ ወይም ከካርዱ ነው። እዚያ ጥርት ብሎ ዊንዶውስ ሲገባ ብቻ የሚበላሽ ከሆነ መጀመሪያ ድራይቨሩን ጠርጥሩ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጭበረብር ከሆነ ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና የ«B» ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ እንደገና ይነሳል። የተከፈተ ጽሑፍ አይዘጋም።

ለባለሙያዎቹ ወንድሞቼና እህቶቼ አንድ ልመና አለኝ። በላዩ ላይ ያደገ ማሽን የድሮውን ዊንዶውስ ለ10 ቀን ያቆየዋል፣ ካልተስማማን መመለስ እንችላለን። ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ በዚያው ቀን «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚለውን ፎልደር አታጥፉብን። ከማስረከባችሁ በፊትም ከደንበኛው የድሮ አማርኛ ሰነድ አንዱን ከፍታችሁ ገጹን ቁጠሩ፣ አንድ ቅጠል ፕሪንት አድርጉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ጋ ለጉዳይ የሚመጣው ሰው ከሩቅ ክፍለ ከተማ ሁለት ታክሲ ይዞ ነው የሚመጣው። ቀጠሮ ካለፈው ደግሞ ሌላ ቀን ሊመለስ ነው።

እናንተም አዘጋጆች ቦታ ካላችሁ እነዚህን ነገሮች በአማርኛ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ብታወጡልን ደስ ይለኛል። እኔ የፎንቱን አጫጫን በአንድ ገጽ ጽፌ በሬ ላይ ለጥፌዋለሁ። የፈለገ ፎቶ እያነሳ ይውሰድ።

የኮምፒውተር ጽሕፈት ሠራተኛ
ከልደታ፣ አዲስ አበባ