የወንጂ ሠራተኞች ድምፅ ካሴት ላይ እያለቀ ነው

ለአዘጋጁ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከአዳማ ነው፤ ያደግኩት ግን ወንጂ፣ ሠራተኞች ሰፈር ነው። በየዓመቱ ጥቅምት 17 የድምፅና የምስል ቅርስ ቀን ተብሎ በዓለም ዙሪያ ይታሰባል። እኛ ጋ ቅርስ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ሐውልትና ብራና ነው፤ ስለ ድምፅ የሚያነሳ ሰው ብዙም የለም። ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል አንድ ነገር ልጠይቅ። የወንጂን አንጋፋ ሠራተኞች ድምፅ የሚሰበስብ፣ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥና በአደራ የሚያስቀምጥ ቦታ አዳማ ላይ ይኑረን።

ለምን ወንጂ? ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. በሆላንዱ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ ሥራ ሲጀምር ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ስንቱ ወጣት እየመጣ አገዳ ቆራጭ ሆነ። ሜዳው ላይ ከብት ያረቡ የነበሩ የጂሌ ኦሮሞዎች ደግሞ ከመሬታቸው ተነሡ። ማኅበር መመሥረት በሕግ ከመፈቀዱ በፊት የወንጂ ሠራተኛ በእድር ስም ተሰባስቦ ስለ ደሞዙ ይመክር ነበር። የሥራ ግንኙነት ሕጉ የወጣው በ1954 ማብቂያ ላይ ነው። በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ፣ ሲቋቋም ወንጂዎች ከፊት ነበሩ፤ የካቲት 28 ቀን 1966 ደግሞ ኢሠአማ የጠራው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ አገሩን አናወጠው።

ይሄን ያህሉ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ግን መጽሐፉ የመሪዎችን ስም ጠቅሶ ያልፋል። ጎህ ሳይቀድ ቆንጨራውን ይዞ የወጣው ሰው ስብሰባው ላይ ምን አለ? ማን ፈራ? ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች እንዴት ተግባቡ? ከመሬቱ የተነሳው አርብቶ አደርስ ከብቱን ወዴት ነዳ? ይሄን የሚነግረን ራሱ የነበረበት ሰው ነው፣ በራሱ ቋንቋ።

የውኃው ነገርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ የወንጂ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ በላይ ነበራቸው። ዓመታት የጠጡት ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፣ የአንዳንዶቹም አከርካሪ ደርቆ ጎበጡ። ሐኪሞች አጥንተው ጽፈውበታል። ጥናቱ ስንት ሰው እንደታመመ ይነግረኛል፤ አንገቱን ማዞር ያቃተው ሰው ጎረቤቱ ሲጠራው እንዴት መላ አካሉን ይዞ እንደሚዞር ግን ከራሱ አፍ መስማት ሌላ ነው።

አንዲት የሰፈራችን እናት የባለቤታቸው ድምፅ ያለበትን ካሴት በነጠላ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋል። ልጃቸው ውጭ አገር ስለነበር በደብዳቤ ፋንታ ካሴት ይላላኩ ነበር፤ ያኔ ብዙ ቤት እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ይሄኛው ሳይላክ የቀረ ነው። ጋሼ መጀመሪያ ዘመድ አዝማዱን በየስሙ ሰላም ይላሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ስለ አድማው ይጀምራሉ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። እማማ ከወዲያ «ቡናው ቀዘቀዘ እኮ!» ሲሉ ይሰማል። ጋሼ የሰብሳቢውን ንግግር ሊደግሙልን ሲሉ ድንገት ቁርጥ ይልና ዘፈን ይገባል፤ ልጆች ሳያውቁ ቀድተውበታል።

እባካችሁ፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ ጀርባው ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበሩለት። ከዚያ በኋላ ማንም በስህተት አይቀዳበትም። ካሴቱ ላይ ማን፣ መቼ፣ የት እንደተናገረ ጻፉበት። ሙቀትና ፀሐይ ካለበት አርቁት፤ የአዳማን ሙቀት መቼም አላስተምራችሁም። ሻጋታ ካያችሁበት ማጫወቻ ውስጥ አታስገቡት፣ ክሩም ያልቃል ማጫወቻውም ይበከላል።

ጊዜው አጭር ነው የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ካሴቱ ቢቆይ እንኳ ማጫወቻው እየጠፋ ነው፤ ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበው ክፍል፣ «ሄድ» የሚባለው፣ ቢያልቅ መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ነው። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅ መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ፣ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ያልተገለበጠ የቴፕ ክር አብዛኛው ላይመለስ እንደሚጠፋ ቀደም ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ሥራው ራሱ ጥንቃቄ እንጂ ተአምር አይፈልግም፦ በደንብ የተጠገነ ማጫወቻ፣ ንጹሕ ሄድ፣ ኮምፒውተር፣ ታጋሽ ሰው። የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ማፋጠን የለም። በስልክ ቀድቶ ቴሌግራም ላይ መጣል ከምንም ይሻላል፤ ግን ድምፁ ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል፣ ከሰው ሰው ሲተላለፍም የማን እንደሆነ ይጠፋል። ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዌቭ ፋይል፣ በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ኸርዝ ሲገለበጥ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ 2 ጊጋባይት ገደማ ነው። ዛሬ ያ ምን አላት? በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ካሴቱ ውስጥ የሰው ስም አለ፤ ማን ማንን እንደጠቆመ፣ ማን በደርግ ጊዜ እንደታሰረ የሚናገር አለ። ስለዚህ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ማሰማት ነውር ነው። «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሰማ» የሚል ሰው ካለ ይታሸግለት፣ የሚከፈትበት ዓመት ይጻፍ። «ይሄን ክፍል አውጡልኝ» ካለም ይደመጥ። ይሄ ካልተከበረ ማንም ሳጥኑን አይከፍትልንም፣ ባይከፍትም አልፈርድበትም።

የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ በፎኖግራፍ ሲሊንደር ተቀድቶ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ይሰማል። የአገዳ ቆራጩም ይገባዋል ባይ ነኝ።

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች አሉት፤ ማጫወቻ መጠገንና ካሴት መገልበጥ ለተግባር ልምምድ ቢሰጣቸው ሁለታችንም እንጠቀማለን። ኦሮምኛ፣ ከምባትኛና ሐዲይኛ የሚችሉ ወጣቶችም ያስፈልጋሉ፤ በሕይወት ያሉትን አዛውንቶች ቤታቸው ሄደው፣ ቡናቸውን ጠጥተው፣ ሳይቸኩሉ የሚቀዱ። ከተማው አንድ ክፍል ቢሰጥ ይበቃናል። እናንተ ደግሞ ይሄን ደብዳቤ ስታወጡ ከሥሩ ጥሪ ጨምሩበት፦ የሚሠራ ቴፕ ያለው፣ ካሴት ያለው፣ ወይም ያረጁ የወንጂ ሠራተኛ ወላጅ ያለው ሰው ለዝግጅት ክፍላችሁ ያሳውቅ። ስም ዝርዝሩን ተቀብዬ ቤት ለቤት የምዞረው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የወንጂ ልጅ፣ ከአዳማ