ክፍልፋዩን ለባለቤቴ ትቼዋለሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ልጆችን ቤት ስለማስተማር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ማለፊያ ነው፤ ጸሐፊው ግን ሁሉንም ማር አስመስሎታል። እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሁለት ልጆቼን አስተምራለሁ። ታሪክና ንባብ እወዳለሁ፤ ክፍልፋይ ግን ያንገሸግሸኛል። ትልቁ ልጄ 1/3ን ከ1/4 ሲደምር ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ «2/7» ይልና ዓይኑን ያፈጥብኛል። እንደገና አስረዳዋለሁ፤ እንደገና 2/7። የእኔ ድምፅ ከፍ ይላል፣ እሱ ያኮርፋል። ስለዚህ ነገሩን ለአባቱ አስረክቤዋለሁ፤ ማታ ከሥራ ሲመለስ በመለኪያ ኩባያ ውሃ እየቀዳ ያሳየዋል። ወለሉ ይረጥባል፣ ልጁ ግን ገብቶታል።

ወረቀቱስ? የግዛቱ ሕግ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ቤት እንደምናስተምር እንድናሳውቅ፣ በተከታዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ደግሞ የልጆቹን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ እንድናቀርብ ያዛል። በበጋው ሙቀት ወረቀት ማሳደድ ስለማልወድ ደብተሩንና ፈተናውን ዓርብ ዓርብ ካርቶን ውስጥ እከታለሁ። ከዚያ እስከ ሰኞ በቤታችን ትምህርት የሚያነሳ የለም፤ እኔም ጭምር።

የእንግሊዝኛ ድርሰት የምታርምልኝ ጎረቤቴ ናት፤ እኔ በፈንታዋ ልጆቿን ፊደል አስቆጥራለሁ። ይህን ስንፍና የሚሉ አሉ። ይበሉ! ትምህርት ቤትስ ቢሆን ሒሳቡንም፣ ሥዕሉንም፣ ስፖርቱንም የሚያስተምረው አንድ ሰው ነው እንዴ?

በሚቀጥለው ዕትም የኬሚስትሪ ሙከራን ኩሽና ውስጥ እንዴት እንደተወጣው የሚነግረን ወላጅ ብታቀርቡልን ደስ ይለኛል። ትልቁ ልጄ ወደዚያው እየተቃረበ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ