እህቴ በጽሑፍ እንዳትሰማው

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ? ዝም ማለቴን ይቅር በለኝ፤ ምክንያት ልደርድር ብል ወረቀቱ በእሱ ብቻ ያልቃልና እለፈኝ። ደግሞስ ፈጽመን መች ተጠፋፋን? በየእንቁጣጣሹና በየፋሲካው ሥዕል እየተላላክን፣ አንዳችን የሌላውን ድምፅ ሳንሰማ ይኸው ዓመታት አለፉ። ባለፈው በላክህልኝ ሥዕል ግርጌ እንዲያውም አንድ የማላውቀው ሰው ከነቤተሰቡ መልካም በዓል ይመኝልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በእሱ ስም ልጠራህ አስቤ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እማዬ አልጋ ላይ ናት። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቷ ብትሆን ይሻላል ብለው ሸኝተውናል፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ለአንተ አላብራራም። ከአንተ ቤት ብዙም ሳይርቅ እዚያው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብቻዋን የምትኖረው ታናሽ እህቴ ግን ይህን አታውቅም። በየቀኑ “እማዬ እንዴት ዋለች?” ብላ ትጽፍልኛለች፤ እኔም “ደህና ናት” ብዬ እመልሳለሁ። ስትደውል ባነሳላት ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር፤ ጽሑፍ ግን ድምፅ ስለሌለው ውሸቴን ያለ ችግር ያደርስልኛል። ስልኳን ማንሳት የተውኩት ለዚህ ነው፤ ይህን ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

ቀጥሎ ያለውን እንዴት እንደምለው አላውቅም፤ ሟርተኛ ነው እንዳትለኝ እፈራለሁ። ቀኑ ሲደርስ መርዶውን አንተ እንድታረዳልኝ ነው የምለምንህ።

የእኔና የእህቴ አጎት ባረፈ ጊዜ የሆነውን ሰምተሃል። ዘመዶች ለእህቴ በማን በኩል ይነገራት እያሉ ሲመክሩ፣ አንድ ወጣት በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ፎቶውን ከሻማ ጋር አድርጎ “ነፍስ ይማር” ብሎ ለጠፈ። እሷ ያነበበችው ሥራ ቦታ በዕረፍት ሰዓቷ ሲሆን፣ አቅፎ የሚያስለቅሳት ሰው ስላልነበረ እንባዋን ውጣ ፈረቃዋን ጨርሳ ወጣች። ልጁን አልወቅሰውም፤ ያደገበት ስልክ ወሬ ቀድሞ ያደረሰን ያሞግሳል፣ የእኛ የመርዶ ወግ ግን የተሠራው ለማዘግየት ነው። ወዳጅ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል፤ አስቀድሞ “ትንሽ አሟታል” እየተባለ ልብ ይለማመዳል፤ ከዚያም ጎህ ሲቀድ በር ሲንኳኳ፣ የመጡት ሰዎች ብዛትና የመጡበት ሰዓት ገና አንድ ቃል ሳይነገር ነገሩን ያስረዳል፣ ስትወድቅም የሚይዟት እጆች ከጎኗ አሉ። ጽሑፍ የሚያነበው ሰው ቆሞ ይሁን መኪና እየነዳ አያይም።

ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የስልክ የጽሑፍ መልእክት እስከ ሚሊኒየማችን መዳረሻ ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ መቆየቱን መቼም አትረሳውም። መዘጋቱ ዛሬም ያናድደኛል፤ ሆኖም ያኔ ቢያንስ መርዶ በስልክ ጽሑፍ የሚደርሰው ሰው አልነበረም። ሲከፈትም ስልኮቻችን የግዕዝ ፊደል ስለማያውቁ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፍን በ160 ፊደል ውስጥ ለማብቃቃት ስንታገል፣ ከሁሉ በፊት ቆርጠን የጣልነው ሰላምታውን ነበር። የእኛን ፊደል የሚጽፍ ስልክ ሲመጣ ደግሞ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ሆነ። አሁን ቴሌግራም ከዚያ እጅግ የረዘመ እንድንጽፍ ቢፈቅድም የተቆረጠው ሰላምታ አልተመለሰም። እናቶቻችን “እንዴት ነሽ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ” ሲባባሉ ጊዜ የሚያባክኑ ይመስለን ነበር፤ አሁን ሳስበው በዚያ ሁሉ ጥያቄ መካከል የሌላዋን ፊት እያነበቡ፣ የያዙትን ወሬ ዛሬ ትችለው እንደሆነ ይመዝኑ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አስቤአለሁ። አሁን በእናንተ በጋ የሰዓታችን ልዩነት ሰባት ነው፤ እዚህ ረፋድ አምስት ሰዓት ሲሆን እናንተ ዘንድ ሌሊት አሥር ሰዓት ነው። እንቅልፍህን ሰውቼ በዚያን ሰዓት ብደውልልህ፣ ስልኳን ሳታይ ልትደርሱባት ትችላላችሁ። ባለቤትህን፣ የንስሐ አባቷንና ቃሉን ከአፍ ማውጣት የሚችል አንድ ትልቅ ሰው ይዘህ ሂድ፤ ሥራ ቦታዋ ግን በፍጹም አትሂዱ። በዚያ ሳምንት የማታ ፈረቃ ከሆነች፣ ከሥራ እስክትመለስ ቤቷ በር ላይ ጠብቋት። ከነገራችኋት በኋላ ስልኳን ለጥቂት ሰዓት ያዙላት፤ ግሩፑ በሻማ ምስል መጥለቅለቁ አይቀርም። እዚህ ያሉትን ዘመዶች እየዞርኩ ዝም እንዲሉ ለምኛለሁ። አክስቶቼ ማሉልኝ፤ ወጣቶቹ ግን የአውራ ጣት ምስል ላኩልኝ፣ ተስማማን ይበሉ አየነው ይበሉ እኔ አልገባኝም።

ይህን ሁሉ በስልክ ልትነግረኝ በተገባ ነበር ትለኝ ይሆናል። እማዬ የተኛችበት ክፍል ግድግዳ ስስ ነው፤ ጆሮዋም እንደድሮው ነው። ከሥራ ከገባሁ በኋላ ከቤት ወጥቼ እንዳልደውል ደግሞ ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

እሷ አሁንም አንተን ትጠይቃለች፤ “ያ ቀጭኑ ልጅ በላ?” ትላለች። ሆድህን በፎቶ አይቼዋለሁና እንደበላህ ነገርኳት።

ደብዳቤው ሲደርስህ ከሥራ ወደ ቤት በምመለስበት፣ በእኛ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ደውልልኝ። እንደ ወጣቶቹ አውራ ጣት ብቻ ልከህ እንዳታልፈኝ።

ወንድምህ