ለአጥቂው ወንድሜ፣ ከቡካሬስት

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ጀምሯል፣ ሥራው ግን አለ።

ባለፈው በስልክ «አሰልጣኝነት መጫወት ያቃተው ሰው ሥራ ነው» ያልከኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ጉልበትህ ከተጎዳ ወዲህ የኳስ ወሬ ሲነሳ ተነስተህ እንደምትወጣ እማዬ ነግራኛለች። የሰፈሩን ልጆች እንድታሰለጥን ሲለምኑህ እምቢ ማለትህ ደግሞ በጣም ነው ያሳዘነኝ። ስለዚህ ዛሬ የአንድ ሰው ታሪክ ልጽፍልህ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አለ፣ የቡካሬስቱ ክለብ የስቴዋ ደጋፊ ነው፣ በምሳ ሰዓት ወሬው ሁሉ ኳስ ነው። ስለ ሩማንያዊው ቪክቶር ፒቱርካ መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ ነው፤ ከዚያ እኔም ራሴ እየፈለግሁ አነበብኩ።

ሰውዬው እንዳንተ አጥቂ ነበር። በ1956 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) ኦሮዴል በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። በትንንሽ ክለቦች ሲዞር ቆይቶ ስቴዋ የገባው በ1983፣ 27 ዓመት ሞልቶት ነው። ስቴዋ ያኔ እንደኛ መቻል የጦር ሠራዊት ክለብ ነበር። በ1986 የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ብራስልስ ላይ በአንደርሌክት 1 ለ 0 ተሸንፈው መጡ፤ በመልሱ ቡካሬስት ላይ 3 ለ 0 ረቱ፣ ሁለቱን ያገባው ፒቱርካ ነው። ፍጻሜው ሴቪያ ላይ ከባርሴሎና ጋር ነበር፣ 120 ደቂቃ ያለ ጎል አለቀ። እሱ በጭማሪው ሰዓት ተቀይሮ ስለወጣ ፔናሊቲውን ያየው ከውጭ ሆኖ ነው። በረኛው ዱካዳም አራቱንም የባርሴሎና ምቶች አዳነ፣ ላካቱሽና ባሊንት አገቡ፣ ዋንጫው የስቴዋ ሆነ። በማግስቱ ፒቱርካ 30 ዓመት ሞላው። ከዚያ በኋላ እንኳ በ1987/88 34 ጎል አግብቶ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆኗል።

ለእኔ ግን ትልቁ ታሪኩ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ያለው ነው። ከ1998 የዓለም ዋንጫ በኋላ የሩማንያን ብሔራዊ ቡድን በአሰልጣኝነት ያዘ። ለ2000 የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ 10 ጨዋታ፣ 7 ድል፣ 3 አቻ፣ የገባባቸው ጎል 3 ብቻ! ፖርቱጋልን የመሰለ ቡድን ባለበት ምድብ አንደኛ ሆነው አለፉ። ግን ከቡድኑ ኮከብ ከሃጂና ከሌሎቹ ትልልቅ ተጫዋቾች ጋር ተጋጭቶ ነበርና ውድድሩ ሳይደርስ ለቀቀ። የተካው ማን መሰለህ? ያኔ ሴቪያ ላይ ስቴዋን ያሰለጠነው ዬኔይ! ቡድኑ እንግሊዝን 3 ለ 2 አሸንፎ ሩብ ፍጻሜ ሲገባ ፒቱርካ የለም፣ ደግሶ ሳይበላ ቀረ። ሽማግሌው እስካሁን ለሃጂ ያዳላል። እኔ ግን ያን ሁሉ ጨዋታ ሳይሸነፍ ቡድኑን ላደረሰው ሰው ነው ልቤ የሚያዝነው።

እና ቤቱ ተቀምጦ አልቀረም፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው። በ2001 ስቴዋን የሊግ ሻምፒዮን አደረገ። በ2004 መጨረሻ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ተመለሰ። ለ2008 የአውሮፓ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ኮንስታንጻ ላይ ሆላንድን 1 ለ 0 አሸንፈው በ29 ነጥብ ምድቡን መሩ። ውድድሩ ላይ የደረሳቸው ምድብ ደግሞ ጣሊያን፣ ፈረንሳይና ሆላንድ ያሉበት ነው። ፈረንሳይን 0 ለ 0 ያዙ። ከዓለም ሻምፒዮኗ ጣሊያን ጋር 1 ለ 1 እያሉ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፔናሊቲ አገኙ፣ ሙቱ መታ፣ ቡፎን አዳነ። ሽማግሌው ስለዚያች ምት ሲያወራ ማንኪያውን አስቀምጦ ነው። ከዚያ በሆላንድ 2 ለ 0 ተሸንፈው ወጡ።

ጎል አግቢ የነበረ ሰው እንዲህ ጎል የማይገባበት ቡድን መሥራቱ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ሳስበው ግን ልክ ነው፤ ተከላካይ የቱ ጋ እንደሚዘናጋ ከአጥቂ በላይ ማን ያውቃል? አንተ ያንን ታውቃለህ። ያቺን ተከላካዩ ወደ ኳሱ ልሂድ ወይስ ሰውዬውን ልያዝ እያለ የሚያመነታባትን ሰከንድ ስንት ጊዜ ተጠቅመህባታል! ለነዚያ ልጆች ከአንተ ሌላ ማን ያሳያቸው? ከልጆቹ ጋር ግን እልህ አትጋባ፣ ፒቱርካን የጎዳው ይሄ ይመስለኛል።

ሁሉን አልወደድኩለትም። በ2014 ማጣሪያው ተጀምሮ ሳለ ቡድኑን ትቶ ጅዳ፣ እህታችን ያለችበት ከተማ፣ አል ኢትሃድን ለማሰልጠን ሄደ። ለእንጀራ የተሰደደ ሰው በዚህ መፍረድ ይከብደዋል፣ ቢሆንም ቅር አለኝ።

አሁን ፌዴሬሽኑ ጋ ሂድና የሲ ላይሰንስ (የአሰልጣኝነት ፈቃድ) ኮርስ መቼ እንደሚሰጥ ጠይቅልኝ። የሚያስፈልገውን ብር እኔ እልካለሁ፣ እሱን አታስብ። ለልጆቹ ስንት ኳስና ስንት ማሊያ እንደሚበቃ ቆጥረህ ንገረኝ። እሁድ እደውላለሁ፣ እማዬን ሳምልኝ።

የሚወድህ ወንድምህ