ኮንቴይነር ውስጥም ይዘንባል

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣

ከኮምቦልቻ በባሕር ስለሚላክ ልብስ ስትጽፉ ሁሌ የምታነሱት የመርከቡን ኪራይ ነው። እሺ፣ ዋጋው ከባድ ነው። እኔን ያከሰረኝ ግን እርጥበት ነው። ባለፈው ክረምት የላክነው የጥጥ ቲሸርት ደንበኛው ጋ ሲደርስ ሻግቶ ተገኘ። ልጆቹ ሌሊት ጭምር የሰፉት ነበር፣ አንጀቴ ነው ያረረው።

ጥጥ እርጥበት ይስባል። እዚህ በዝናብ ወቅት የታሸገው ካርቶን በሚሌና በገላፊ በረሃ አልፎ ጅቡቲ እስኪደርስ ይግላል፣ እርጥበቱ ከልብሱም ከካርቶኑም ይወጣል፣ ከዚያ መርከቡ ቀዝቃዛ አካባቢ ሲገባ ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ መልሶ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። የመርከብ ሰዎች የኮንቴይነር ዝናብ ይሉታል።

አሁን ኮንቴይነር ሲመጣልኝ መጀመሪያ እኔው ገብቼ በሩን ከውጭ አዘጋለሁ። በቀዳዳ ብርሃን ከገባ አልቀበልም። ካርቶኑ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ (ፓሌት) ደረቅ መሆን አለበት፣ እርጥብ ፓሌት ራሱ ውሃ ነው። እርጥበት የሚመጥጡ ከረጢቶችንም ግድግዳው ላይ እሰቅላለሁ፤ ወጪያቸው ከአንድ የተመለሰ ጭነት ጋር አይወዳደርም።

የኢንዱስትሪ ፓርካችን በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ለዚህ ሥራ አዲስ የሆኑ ብዙ ልጆች ገብተዋል። እባካችሁ ይህንንም ጻፉላቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ